ሁለት ነጮች ለአንድ ክፍል

የአሜሪካው ቀለም አምራች ሸርዊን ዊሊያምስ ለ2016 እ.ኤ.አ. የዓመቱ ቀለም አድርጎ የመረጠው «አላባስተር» የተባለውን ለስላሳ ነጭ ነበር። የዚሁ ኩባንያ «ፒዩር ኋይት» ከአጠገቡ ሲቀመጥ፣ በትንሿ የመደብር ናሙና ላይ ብዙ ሰው ሁለቱን አይለያቸውም። ግድግዳ ላይ ሲወጡ ግን ይለያያሉ።

አምራቾች አንድ ቀለም ምን ያህል ብርሃን እንደሚመልስ ከ0 እስከ 100 በሚደርስ መለኪያ ይገልጻሉ። አላባስተር 82፣ ፒዩር ኋይት 84 ነው። ይህን የምታህል ልዩነት ዓይን እምብዛም ስለማይይዛት በቁጥሩ ብቻ መወሰን አያዋጣም። ወሳኙ ከነጩ ሥር ያለው ስውር ቀለም ነው፦ አላባስተር ወደ ክሬም ያደላል፤ ፒዩር ኋይት ጠራ ይላል።

ይህን የሚያጎላው ወይም የሚደብቀው ብርሃን ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ መስኮቱ ወደ ሰሜን የዞረ ክፍል ቀጥተኛ ፀሐይ ብዙም አያገኝም፤ የሚገባው ብርሃን ወደ ሰማያዊ ስለሚያዘነብል ጠራ ያለው ነጭ ቀዝቃዛ ይመስላል። እዚያ አላባስተር ይሻላል። ማታ ግን፣ በ2700 ኬልቪን ቢጫማ አምፖል ሥር፣ ያው አላባስተር ቅቤ ሊመስል ይችላል።

በሩና የመስኮቱ ክፈፍ ደማቅ ነጭ ከሆኑ ደግሞ ክሬሙ ይበልጥ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ቀይ ምንጣፍም ቀለሙን ወደ ግድግዳው ያንጸባርቃል።

ስለዚህ ሁለቱንም በትልልቅ ካርቶን ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ መቀባት፣ ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ መተው፣ ከዚያም ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በተለያዩ ግድግዳዎች ላይ እያስደገፉ ማየት ያስፈልጋል። ነጩ ጠርዝ የአሮጌው ግድግዳ ቀለም ዓይንን እንዳያሳስት ይከላከላል።