አብደራፊ ላይ ቤት ለሚከራይ ሰው

በምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ የምትገኘው አብደራፊ የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ አገር ናት። የኪራይ ቤት ፍለጋም እንደ እርሻው ወቅት አለው። በሐምሌና በነሐሴ ለአረም፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ለአጨዳ የቀን ሠራተኛው ከደጋ ይወርዳል። የደረሰ ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ከዘገየ ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ ሠራተኛው፣ ነጋዴውና ሾፌሩ ባንድ ጊዜ ይመጣሉ። አዲስ የተመደበ መምህርም በዚያው ሰሞን ቤት ይፈልጋል። ፈላጊው ሲበዛ ቤቱ ያው ነው፤ ትናንት የተነገረ ዋጋ ዛሬ ይጨምራል፣ አከራይም ቋሚውን ተከራይ አስወጥቶ ለወቅቱ ነጋዴ ለማከራየት ይፈተናል። የሚቻልዎ ከሆነ ከአረሙ በፊት፣ በግንቦት ወይም በሰኔ ይፈልጉ።

ሕጉ ምን ይላል? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መጠኑንም የሚወስነው ተቆጣጣሪው አካል ነው። ኪራይ የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። አዋጁ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ፣ የሚከራዩበት ከተማ ተካቶ እንደሆነ ማዘጋጃ ቤቱን ይጠይቁ። ባይካተትም ውል ውል ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ የደነገገው አለ።

ቤቱን ሲያዩስ? በጠዋት ሳይሆን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሄደው ይዩት። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ በቆላ ፀሐይ ምን እንደሚመስል የሚታወቀው ያኔ ነው። በሙቀቱ ወራት ብዙ ሰው አልጋውን ግቢ አውጥቶ ስለሚተኛ ግቢውንም ይመልከቱ፤ አጎበር የሚሰቀልበት ቦታ አለው? መሬቱ የተሰነጠቀ ጥቁር አፈር ነው? ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ እንዲህ ባለው ስንጥቅ ውስጥ ትደበቃለች፤ የምትነድፈውም በአብዛኛው ሌሊት ነው። በሽታው ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም፤ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን አብደራፊ ላይ ለዓመታት ሲያክም ቆይቷል። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ሳይዙ ውጭ አይተኙ።

የደላላው ድርሻ ስንት እንደሆነ ቤቱን ከማየትዎ በፊት ይነጋገሩ። ቀብድ ከመስጠትዎ በፊትም አከራዩ የቤቱ ባለቤት ወይም የባለቤቱ ሕጋዊ ወኪል መሆኑን ጎረቤት ይጠይቁ፤ ለሰጡት ገንዘብ የተፈረመበት ደረሰኝ ይቀበሉ። በውሉ ላይ የኪራዩ መጠን፣ የሚቆይበት ጊዜ፣ መብራትና ውሃ የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚኖርና ቤተ ዘመድ ቢመጣ ማደር መቻሉ ይጻፍ። ሁለታችሁም ምስክሮች ባሉበት ፈርሙ፤ አንድ አንድ ቅጂም ያዙ።

አከራዮችም አስቡበት። የአጨዳው ገንዘብ ለጥቂት ወራት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚከፍል ተከራይ ግን ልጆቻችሁን የሚያስተምር መምህር ወይም ስትታመሙ የምታክማችሁ ነርስ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው በመስከረም ከቤት ማስወጣት ከተማዋን ራሷን መጉዳት ነው።