«መጀመሪያ ቅጠሉን ይሞክሩት»

ስለ ጨረር ባስተማርንበት ዕለት አንዲት ተማሪ ክፍሉ ባዶ እስኪሆን ጠብቃ፣ «ጨረር ካንሰር ያመጣል ካላችሁን እንዴት ካንሰርን ያድናል?» ስትል ጠየቀችን። ከጥያቄው ጀርባ እናቷ ነበሩ። በጡታቸው ላይ የካንሰር ዕጢ ተገኝቶ ሐኪሞች ቀዶ ጥገናና የጨረር ሕክምና ሲያዙላቸው፣ ዘመድ ወዳጅ ደግሞ «መጀመሪያ ቅጠሉን ይሞክሩት» ብሏቸዋል።

ጨረር የሕዋስን ዲ.ኤን.ኤ. ይሰብራል። ስብራቱ በስሕተት ከተጠገነ ካንሰር ሊከተል ይችላል፤ ስብራቱ ሲበዛ ግን ሕዋሱ ይሞታል። ጤነኛ ሕዋስ ጉዳቱን የመጠገን ችሎታው በአብዛኛው ከካንሰር ሕዋስ የተሻለ ስለሆነ፣ ጨረሩ ወደ ዕጢው ተነጣጥሮ፣ በብዙ ቀናት ተከፋፍሎ ይሰጣል።

ቅጠሉስ? ዕፅዋትን መናቅ ሳይንሳዊ አይደለም። የልጆችን የደም ካንሰር ለማከም የሚያገለግለው ቪንክሪስቲን የተገኘው ቪንካ ከተባለው የማዳጋስካር አበባ ነው፤ የሕዋሳትንም መከፋፈል ይገታል። በአንጻሩ ከአፕሪኮት ዘር የሚገኘውና ሌትሪል የተባለው «መድኃኒት» በ178 አሜሪካውያን ሕሙማን ላይ ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በታተመው ውጤት ፋይዳ አልተገኘበትም። እንዲያውም በአንዳንዶቹ ደም ውስጥ አደገኛ የሳያናይድ መጠን ታይቷል። ሁለቱም ምንጫቸው ዕፅዋት ነው፤ የለያቸው ፈተናው ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበን ግን «መጀመሪያ» የምትለዋ ቃል ናት። አንድ ሕዋስ ለሁለት፣ ሁለቱም ለአራት እየተከፈሉ ይህ 30 ጊዜ ቢደጋገም ከ1 ቢሊዮን በላይ ሕዋሳት ይገኛሉ፤ ይኸውም ሽምብራ የሚያክል ዕጢ ነው። ሌላ 10 ጊዜ ቢጨመር ዕጢው 1,000 እጥፍ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ዕጢ እንዲህ በተስተካከለ ስሌት አያድግም። ሆኖም በእጅ ሲዳሰስ የመንገዱን አብዛኛውን ክፍል ተጉዟል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ካንሰራቸው ወደ ሩቅ አካል ሳይሠራጭ አማራጭ ሕክምናን ብቻ የመረጡ 281 ሰዎችን መደበኛ ሕክምና ከወሰዱ 560 ሰዎች ጋር አነጻጽሯል። የመጀመሪያዎቹ የሞት አደጋ 2.5 እጥፍ፣ በጡት ካንሰር ደግሞ ከ5 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

የሆስፒታል ሕክምና ሥቃይ፣ ወጪና ወረፋ እንዳለው፣ ሁሉንም ሕመምተኛ እንደማያድንም አንክድም። ጸሎትና ጠበል ለሕመምተኛው ተስፋ ከሆኑ፣ ከሕክምናው ጎን ቦታ አላቸው። የሚጠጣ ቅጠል ግን ከመድኃኒቱ ጋር ሊጋጭ ስለሚችል ከሐኪም ሊደበቅ አይገባም።

ተማሪያችንን የለመንናት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእናቷ ቀጠሮ እንዳያልፍ።