ከሰባት ፊደል ቃል ማውጣት

ሰባት የፊደል ጠጠሮች ፊትዎ ተደርድረዋል፦ ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኤን፣ አር፣ ቲ እና ኪው። እንግሊዝኛ አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ጥቂት አፍጥጦ ሲያያቸው «ሪቴይን» የሚለውን ግስ ያገኛል። ስድስት ፊደል ያለው ጥሩ ቃል ነው፤ በስክራብል የሚያስገኘው ግን 6 ነጥብ ነው። ጨዋታውን የለመደ ሰው ሦስት ጠጠር ብቻ ያነሳል፦ ኪው፣ ኤ፣ ቲ። 12 ነጥብ! ቃሉም እኛ ጫት የምንለውን ቅጠል በዓረብኛ ስሙ የሚጠራ ነው።

ሁለቱን ሰዎች የለያቸው የእንግሊዝኛ ችሎታ አይደለም። የመጀመሪያው የሚያስታውሰው ቃላትን ነው፤ ሁለተኛው የፊደላትን ጠባይ ያውቃል።

ይህን ጠባይ በጥሞና ያጠናው የጨዋታው ፈጣሪ አልፍሬድ ሞሸር በትስ ነው። አሜሪካዊ አርክቴክት ነበር፤ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ ፈትቶ ሳለ የኒው ዮርክ ታይምስን የፊት ገጽ ጨምሮ ጋዜጦችን ዘርግቶ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ በእጁ ቆጠረ። ቆጠራው ዛሬም በጨዋታው ውስጥ አለ። ኢ 12 ጠጠር አላት፤ ኤ እና አይ ዘጠኝ ዘጠኝ፤ ኪው፣ ዜድ፣ ጄ፣ ኤክስና ኬ ግን አንድ አንድ ብቻ። ሁለት ባዶ ጠጠሮች ሲጨመሩ ድምሩ 100 ይሆናል። ብዙ የምትመጣ ፊደል ዋጋዋ ይረክሳል፤ ብርቅ የሆነችው ይወደዳል፤ ኪውና ዜድ 10 10 ነጥብ ናቸው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ኤስ ላይ የወሰደው ውሳኔ ነው። በእንግሊዝኛ እጅግ የምትዘወተር ፊደል ሆና ሳለ 4 ብቻ አደረጋት፤ ተጫዋቹ የሌላውን ቃል ወደ ብዙ ቁጥር እየለወጠ ነጥብ በቀላሉ እንዳይለቅም ነው። ስክራብል የሚለው ስም የመጣው በ1948 ነው፤ ያወጣለትም ጄምስ ብሩኖት ነው።

ወደ ኪው እንመለስ። ኪው የደረሰችው ጀማሪ ወዲያው ዩን ይፈልጋል፤ ትምህርት ቤት ሁለቱ እንደማይነጣጠሉ ተምሯልና። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ አንድ እርምጃ ይቀድማል። ኪው ዩን ሳታስከትል የምትገባባቸው ቃላት ብዙዎቹ ከዓረብኛ የመጡ ናቸው፤ እኛ በቀ የምንጽፈውን የዓረብኛ ድምፅ በላቲን ፊደል ኪው ትተካዋለች። ፋቂር፣ ኒቃብ፣ ሌላው ቀርቶ ሱቅ! ኤስ፣ ዩ፣ ኪው፤ እንደ ጫቱ 12 ነጥብ። ከቻይንኛ የመጣው «ቺ» ደግሞ፣ የሕይወት እስትንፋስ ማለት ነው፣ በኪውና በአይ ብቻ ተጽፎ 11 ነጥብ ያስገኛል።

ኪው የሌለበት እጅስ? የመጀመሪያው ሥራ ቅጥያዎችን ለይቶ ማስቀመጥ ነው። አይ፣ ኤን እና ጂ ከተገኙ ወደ ቀኝ ጠርዝ ይሰደዳሉ፤ ኢና አርም እንዲሁ። ከዚያ የቀረውን ማየት ይቀላል። ይህም ቢሆን ለኛ እንግዳ አይደለም፤ «ስብርባሪ» የሚለውን ሰምቶ ከሥሩ ሰበረን የሚያወጣ ጆሮ አለን። ልዩነቱ የኛ ሥር ፊደሎች ቅደም ተከተላቸውን አለመልቀቃቸው ነው፤ ስክራብል ላይ ግን ተራው ራሱ ይፈርሳል። መድኃኒቱ ጠጠሮቹን ደጋግሞ መበወዝ ነው። ዓይን አንድ ተራ ከለመደ ሌላውን ማየት ይከለክላል።

ቃል ፈላጊ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ዘዴ እጅግ ቀላል ነው። በዝርዝሩ ያለውን እያንዳንዱን ቃል ፊደላቱን በኤ፣ ቢ፣ ሲ ተራ ደርድረው ያስቀምጡታል። «ሪቴይን»ም፣ የዓይን ክፍል የሆነችው «ሬቲና»ም ሲደረደሩ ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኤን፣ አር፣ ቲ ይሆናሉ። እርስዎ ያስገቧቸው ፊደላትም ያው ይደረጋሉ፤ ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሳጥን አብረው ይወጣሉ። ብርቱ ተጫዋቾች ይህንኑ በወረቀት ይለማመዱታል፤ የተደረደሩትን ፊደላት በአንድ ገጽ፣ ቃላቱን በጀርባው ጽፈው።

ልምምዱ የት ድረስ እንደሚያደርስ የኒውዚላንዱ ናይጀል ሪቻርድስ አሳይቷል። ፈረንሳይኛ ሳይናገር የፈረንሳይኛውን የቃላት ዝርዝር በቃሉ ይዞ በ2015 የፈረንሳይኛ ስክራብል የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት ናይጄሪያዊው ዌሊንግተን ጂገሬ ፐርዝ ላይ የእንግሊዝኛውን ዋንጫ በማንሳት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኗል። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ያልሆነ ሰው ይህ ጨዋታ የኔ አይደለም ሲል ስሰማ ስማቸውን የምጠራው ለዚህ ነው።

ለመጀመር ለሚፈልግ ምክሬ አጭር ነው፤ ረጃጅሞቹን ትተው ከሁለት ፊደል ቃላት ይነሱ። በሰሜን አሜሪካው ዝርዝር ያሉት መቶ ጥቂት ቢያልፉ ነው፤ በጥቂት ሳምንት ይያዛሉ። ከዚያ የራስዎን ቤት ቃላት ይፈልጉ። ጤፍ በሁለት ኤፍ ተጽፎ 10 ነጥብ ነው። ብርም አለ። የእንግሊዝኛው ዝርዝር «ብሮች»ን ሳይቀር በአማርኛ እርባታው ተቀብሎታል፦ ቢ፣ አይ፣ አር፣ አር፣ ኦ፣ ቲ፣ ሲ፣ ኤች። ስምንት ፊደል ስለሆነ አንዷ ገበታው ላይ ቀድማ መገኘት አለባት፤ ሰባቱን ከእጅዎ ካወጡ ከቃሉ 15 ነጥብ ሌላ 50 ይመረቅልዎታል።