የደጋው እባብና የቆላው እፉኝት

የጤፍ አጨዳ በሚደርስበት ወራት በምንጃርና ሸንኮራ አገር፣ ይልቁንም በአረርቲ ዙሪያ፣ ነዶ የሚያነሣ ሰው እጁን ከሥሩ ከማግባቱ አስቀድሞ በበትር ሊነቀንቀው ይገባል። አይጥ እህልን ተከትሎ ይመጣል፤ እባብም አይጥን ተከትሎ ይመጣል። የታየ እንደ ሆነ ወገኑ ሳይጠየቅ ራሱ ይቀጠቀጣል፤ ነገር ግን እባብ ሁሉ አንድ አይደለም።

በሕንድ ውቅያኖስ በማዳጋስካር ደሴት ላንጋሃ የሚባል የእባብ ወገን አለ፤ ከዚያች ደሴት በቀር በሌላ ስፍራ አይገኝም። የወንዱ አፍንጫ እንደ ወስፌ የሾለ ነው፤ የሴቲቱ ግን እንደ ቅጠል የሰፋ ነው። ይህ ለሚሰማው የሚያስደንቅ ነው፤ የእኛም ደጋ በባሕር ፈንታ በቆላ የተከበበ ደሴት መሆኑን ግን የሚያስተውል ጥቂት ነው። ሊቃውንት ፕሴውዶቦዶን ያሉት የእባብ ወገን በኢትዮጵያና በኤርትራ ከፍተኛ ምድር ብቻ ይኖራል። ከዚህ ወገን በሰውነቱ ላይ ረዣዥም መስመር ያለበትን፣ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1854 ዓመት የፈረንሳይ ሊቃውንት ጽፈውታል፤ ሌላው ዐይነት የታወቀው ገና በ2004 ነው። ይህ ወገን ለሰው የሚያሠጋ መርዝ የለውም።

ይህን ሰምቶ ደጋው ሁሉ ያለ ሥጋት ነው ማለት አይገባም፤ በተራራማው አገራችን የሚኖር እፉኝት አለና። አረርቲ ደግሞ በደጋውና በአዋሽ ቆላ መካከል ስለሆነች ለቆላው እፉኝት የቀረበች ናት። ይህ እፉኝት ወፍራምና አጭር፣ ራሱ ሰፊ፣ መልኩም አፈርና የደረቀ ሣር የሚመስል ነው። ሰው ሲመጣ አይሸሽም፤ ዝም ብሎ ይጋደማል። ብዙ ጊዜ የሚነድፈውም አሳዶ ሳይሆን ስለ ተረገጠ ነው። ስለዚህ ልጆች በማታ ያለ ጫማና ያለ መብራት ከደጅ አይውጡ፤ ወገኑን ያላወቁትንም እባብ አይንኩ።

የዓለም ጤና ድርጅት የእባብን ንድፊያ በ2017 ቸል ከተባሉት በሽታዎች ቈጥሮታል፤ በዓለም በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርስ ሰው ይሞትበታል። በቤት ግን የሚደረገው ሕክምና ራሱ ብዙ ጊዜ ይጐዳል። ቍስሉን በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በጠፍር አጥብቆ ማሰር ፈጽሞ አይገባም፤ የታሰረው እግር በእፉኝት መርዝ ላይ ደም አጥቶ ይበሰብሳል። እብጠት ሳይቀድም ቀለበትና አምባር ይውለቅ፤ የተነደፈው ሰው እንዳይራመድ፣ የተነደፈው አካሉም እንዳይነቃነቅ ሆኖ በቃሬዛ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። እባቡን ለማሳየት ብሎ ማሳደድ ሁለተኛ ሰው ያስነድፋል፤ መልኩን አስታውሶ ለሐኪሙ መንገር ይበቃል።