ሾፌሯ የሰማችው

ከእኔ ሰማሁ እንዳትሉ። ተስማማን? እሺ።

ብራየርን በቴሌቪዥን አይታችሁት ይሆናል፤ የካናዳ ወንዶች የከርሊንግ ብሔራዊ ሻምፒዮና። አንዱ ሃያ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ድንጋይ በበረዶ ላይ አንሸራቶ ይለቃል፣ ሁለቱ ከፊት ከፊቱ እየሮጡ ይጠርጋሉ፣ አራተኛው፣ ካፒቴኑ፣ ከወዲያ ጫፍ ሆኖ ይጮኻል። ሲጀመር መጨባበጥ፣ ሲያልቅ መጨባበጥ። ተሸናፊው ተስፋ ከቆረጠ እስከ መጨረሻው ዙር እንኳ አይጠብቅም፤ እጁን ዘርግቶ ይሰናበታል። እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው! ትላላችሁ።

ጨዋነታቸው እውነት ነው። ዋናው ጨዋታ ግን እናንተ ከመቀመጣችሁ በፊት አልቋል።

እኔ ማን ነኝ? ማንም። ብራየር የሚቆመው በበጎ ፈቃደኞች ነው፤ ጃኬት ይሰጡናል፣ አንገታችን ላይ ባጅ ያንጠለጥሉልናል። አንዳንዶቻችን ደግሞ ተጫዋቾችን ከሆቴል ወደ አዳራሽ እናመላልሳለን። ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሾፌር ጆሮ እንዳለው ይረሳል። በዚህ ይብቃኝ።

ከበረዶው ልጀምርላችሁ። ልሙጥ ይመስላል አይደል? አይደለም። ልሙጥ ቢሆን ድንጋዩ ሩቅ ሳይሄድ ይቆም ነበር። እናንተ ቡና ልትገዙ በወጣችሁበት ሰዓት አንድ ሰው የውኃ ታንክ በጀርባው አዝሎ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ፣ ክንዱን ግራና ቀኝ ያወዛውዛል። በጎማው ጫፍ በጥቃቅኑ የተበሳሳ የመዳብ አፍንጫ አለ። ለብ ያለ ውኃ ያርከፈክፋል፤ ጠብታዎቹ ያረፉበት ቦታ ላይ ጉብ ጉብ ብለው ይረጋሉ። ድንጋዩ የሚሄደው በእነዚያ ጉብታዎች አናት ላይ ነው። ቀጥሎ ሌላው ስለት የገባለት መሣሪያ እየገፋ ይመጣና ጫፍ ጫፋቸውን ይላጫል።

ውኃውም ከቧንቧ የተቀዳ እንዳይመስላችሁ፤ ማዕድኑ ተጣርቶ የወጣለት ነው። የውኃው ሙቀት፣ የቀዳዳዎቹ ስፋት፣ የክንዱ አወዛወዝ፣ የእግሩ ፍጥነት፣ አንዱ ትንሽ ከተዛባ ድንጋዩ ሌላ ጸባይ ያወጣል። ባለሙያ ሴት ምጣዷን ለማንም እንደማታውስ ሁሉ በረዶ ሠሪውም ያቺን አፍንጫ ለማንም አይሰጥም።

አሁን የሚያስቀውን ስሙ። የበረዶ ሠሪው ዋና ጠላት ማን ይመስላችኋል? እናንተ ናችሁ። ቲኬት ቆርጣችሁ የገባችሁት! ተመልካች ይተነፍሳል፣ ይሞቃል፣ በረዶ የነካው ካፖርቱን ይዞ ይገባል። ያ ሁሉ እርጥበት ደግሞ ሄዶ ሜዳው ላይ እንደ ውርጭ ያርፋል። ጠዋት ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተለማመዱበት በረዶና ማታ ሕዝብ የሞላበት በረዶ አንድ አይደሉም። ተጫዋቾቹ ማይክሮፎን ሲደቀንላቸው "ድጋፋችሁ ጉልበት ሆነን" ይላሉ። በረዶ ሠሪው በዚያው ሰዓት የውጪውን በር ማን ከፍቶ እንደተወው እያጣራ ነው።

ወደ ድንጋዮቹ እንሂድ፤ እዚህ ጋ ድምፄን ዝቅ ላድርግ። ግራናይት ናቸው፤ ስመ ጥሮቹ ስኮትላንድ ጠረፍ አጠገብ ካለችው ከአይልሳ ክሬግ ደሴት የወጡ ናቸው። በአንድ ሜዳ አሥራ ስድስት፣ ለአንድ ቡድን ስምንት። ሲያዩዋቸው መንትዮች ናቸው። ግን አንዱ አብዝቶ ይታጠፋል፣ ሌላው ቀጥ ይላል፣ ሌላው ደግሞ ከወንድሞቹ ሁሉ ቀድሞ ይደክመዋል። ግራናይት ሲሠራበት ይለሰልሳል፤ ሲለሰልስ መታጠፉን ይተዋል፤ ካልታጠፈ ደግሞ ምኑን ጨዋታ ሆነ? ስለዚህ ከውድድሩ በፊት ድንጋዮቹ ይገለበጡና በረዶውን የሚነካው ቀጭን ቀለበታቸው በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። አዎ፣ ያው አናጺው ቁም ሳጥን የሚያለሰልስበት ብርጭቆ ወረቀት። ለድንጋዩ ግን ሥራው ማሻከር ነው።

እንግዲህ አምስተኛውን ሰው ላስተዋውቃችሁ። እያንዳንዱ ቡድን ተጠባባቂ አለው። ካሜራው ካሳየው የሚያሳየው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሲያጨበጭብ ነው። ታዝኑለታላችሁ። አትዘኑለት! ማታ ጨዋታው ካለቀ በኋላ፣ ጓደኞቹ እግራቸውን ዘርግተው ሳለ፣ እሱ ሜዳ ላይ ነው። ነገ የሚጫወቱባቸውን ድንጋዮች በተሰጠችው አጭር ጊዜ አንድ በአንድ እያንሸራተተ ሰዓት ይይዛል፣ ይጽፋል። የትኛው ከየትኛው ጋር ይጣመራል? የትኛው አመለኛ ነው? የተጣጣሙት ሁለቱ ለካፒቴኑ ይቀመጣሉ፤ አመለኞቹ ቀድሞ ለሚወረውረው ይደርሳሉ፤ እሱም እየሳቀ ይቀበላል፣ ምን ያድርግ። ያቺ ማስታወሻ ደብተር መኪናዬ ውስጥ አንዴ ተረስታ ቀርታለች። አልገለጥኳትም። እመኑኝ እንጂ!

መጥረጊያውስ? እሱ የቤት ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አዲስ ዓይነት ሻካራ ጨርቅ የለበሱ መጥረጊያዎች መጡና ጠራጊው ድንጋዩን ወደፈለገበት መምራት ቻለ ማለት ይቻላል። የወርዋሪው ጥበብ ገደል ገባ ተባለ። እነዚያ ጨዋ ሰዎች መኮራረፍ ጀመሩ፤ ታላላቅ ቡድኖች "እኛ አንጠቀምም" ብለው ፈረሙ። በዓመቱ ኦንታሪዮ ውስጥ ኬምፕትቪል በምትባል ቦታ ተመራማሪዎችና ተጫዋቾች ተሰብስበው ጨርቅ ሲፈትኑ ሰነበቱ። ጎልማሶች ለመጥረጊያ ጨርቅ ጉባኤ ሲቀመጡ አስቡት። ከዚያ ወዲህ የተፈቀደው ጨርቅ ተወስኗል።

ጩኸቱን ብቻ ማንም አልከለከለም። ከካፒቴኖች ሁሉ የሚጮኸው ረስ ሃዋርድ ነበር። በ1989 ሳስካቱን በተደረገው ብራየር ላይ ድምፁ ቢዘጋበት ምን አደረገ? ከጠራጊዎቹ ጋር በሬዲዮ መነጋገሪያ ተገናኘ! ኃላፊዎቹ ወዲያው ከለከሉት። በዚያው ውድድር ፍጻሜ የአልበርታው ፓት ራያን የመጣበትን ድንጋይ ሁሉ እያስወጣ 3 ለ 2 ሲያሸንፍ ሕዝቡ "ሰለቸን!" እያለ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ሃዋርድ ግን ከዚያ በፊትም መላ ነበረው፤ ከወንድሙ ጋር የሚለማመድበት ጨዋታ፣ በመጀመሪያ የተወረወሩትን ድንጋዮች ማስወጣት የማይቻልበት። ዛሬ በየሜዳው የምታዩት የመከላከያ ድንጋይ ሕግ ከዚያች ልምምድ የወጣ ነው። ሰውየው በሃምሳ ዓመቱ፣ በ2006 ቱሪን ላይ፣ ከብራድ ጉሹ ቡድን ጋር የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ። ድምፁም ተመልሶለት ነበር።

ተጫዋቾቹ ደረታቸው ላይ የሚለጥፏትን ሐምራዊ ልብ አስተውላችኋል? ለብራየር የበቃ ሁሉ የሚሰጠው ነው፤ ጎልማሳ ወንድ ሲያለቅስባት አይቻለሁ። ምን እንደነበረች ልንገራችሁ? የትምባሆ ማስታወቂያ። ውድድሩን በ1927 ቶሮንቶ ላይ ያስጀመረው የማክዶናልድ ትምባሆ ኩባንያ ነው፤ ብራየርም ከትምባሆዎቹ የአንዱ ስም፣ ልቧም የኩባንያው ምልክት። በ1980 ትምባሆው ወጥቶ ቢራ ገባ፤ ከዚያ ስልክ፣ ከዚያ ቡና፣ አሁን ደግሞ የጥብስ ቤት። ስፖንሰሩ ይቀያየራል፤ ልቧን ግን የሚነካት የለም።

ማታ ሁሉም የሚገናኘው ፓች በሚሉት አዳራሽ ነው። ቢራ፣ ባንድ፣ ጭፈራ። የከርሊንግ ወግ አሸናፊው ተሸናፊውን መጠጥ እንዲጋብዝ ነው። የዛሬዎቹ ወጣቶች ግን ጂም ይሠሩና በጊዜ ይተኛሉ፤ የድሮዎቹ ይህን ሲያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

የፓች ዋናው ምግብ ታዲያ ሐሜት ነው። ክፍለ ሀገር ከክፍለ ሀገር ይጫወታል የተባለውን ሙሉ በሙሉ አትመኑ። ካፒቴን ብራድ ጄከብስ በ2013 ያሸነፈው ለሰሜን ኦንታሪዮ ነው፤ እሱም ክፍለ ሀገር ሳይሆን ራሱን ችሎ ቡድን የሚልክ ነው። በ2025 ኬሎና ላይ ሲያሸንፍስ? ለአልበርታ። የነዋሪነት ሕጉ ከውጭ ለሚመጣ ተጫዋች ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳዋ ደግሞ በየጊዜው ትሰፋለች። ኦሎምፒክ ሲያልፍ ቡድኖች ይፈርሳሉ፣ አዳዲስ ይጣመራሉ። መግለጫው "በመከባበር ተለያይተናል" ይላል። ከመግለጫው በፊት ግን ሁለት የቡድን ጓደኛሞች በአንድ መኪና መጥተው በሁለት መኪና ይመለሳሉ፤ ሁለተኛውን መኪና የሚልኩትም እኛን ነው።

ስማቸውን? አይ፣ እሱን እንኳ አልነግራችሁም። ለሚቀጥለው ዓመትም ጃኬቱን እፈልገዋለሁ።