ሽማግሌ ዘፋኞችና የማይቆፈረው ቅርስ

ከድሬዳዋ ከተማ ወደ ሐረር አቅጣጫ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብላ ሐርላ የምትባል መንደር አለች። ያገሩ ሰዎች በጥንት ዘመን ግዙፋን ይኖሩባት ነበር ይላሉ። የጥንት ቅርስ መርማሪዎች በበኩላቸው በ2009 ዓ.ም. በሰጡት መግለጫ፣ በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ መስጊድ፣ ዶቃ፣ የግብፅ ሳንቲምና ከቻይና የመጣ ሸክላ ከመሬቷ እንደ ወጣ አስታውቀዋል። ነገር ግን እነዚያ ነጋዴዎችና አንጥረኞች ማታ ማታ ምን ያንጎራጉሩ እንደ ነበር የሚነግረን ድንጋይ የለም። ዜማ ከመሬት አይቆፈርም። መቀመጫው የሰው ጉሮሮና ጣት ነው፤ ሰውየው ሲያረጅ አብሮት ያረጃል፤ ሲሞትም አብሮት ይቀበራል።

የዚህን ነገር ክብደት ለመረዳት የአሜሪካ ጥቁሮችን ብሉዝ መመልከት ይጠቅማል። ብሉዝ ባርነት ከቀረ በኋላ በጥጥ እርሻ ከሚደክሙ ሰዎች መካከል የተወለደ ዜማ ነው። ዘፋኙ ብዙውን ጊዜ አንዱን ስንኝ ሁለት ጊዜ ይለውና በሦስተኛው ይመልሰዋል፤ ጊታሩም በመካከሉ እንደ ተቀባይ ሆኖ ይመልስለታል።

ሚሲሲፒ ጆን ኸርት የሚባለው ዘፋኝ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1928 ጥቂት ሸክላ አስቀርጾ ገበያ ስላላገኘ ወደ እርሻው ተመለሰ። ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ1963፣ አንድ ወጣት ሸክላውን ሲያዳምጥ ኸርት አቫሎን የምትባለውን መንደሩን በስም ሲጠራ ሰማ፤ ሄዶም በዚያው አገኘው። ሽማግሌው በዚያው ዓመት በብዙ ሕዝብ ፊት ተጫወተ፤ በ1966 ግን ሞተ። ሰን ሃውስም እንዲሁ ጊታሩን ትቶ ለብዙ ዓመት በባቡር ድርጅት ሠርቶ ነበር። በ1964 ወጣቶች ፈልገው ሲያገኙት የገዛ ዘፈኖቹን ረስቷቸው ስለ ነበር፣ አንድ ወጣት ጊታር መቺ ከሸክላው አጥንቶ መልሶ አስታወሰው።

በእኛ አገር ብዙ ሰዎች ትዝታን ከብሉዝ ጋር ያመሳስሉታል። ትዝታ በአምስት ድምፆች የሚሄድ ስለ ሆነ ስልቱ የተለየ ነው፤ ናፍቆቱ ግን ይቀራረባል። የክራርና የመድረክ ሰው የነበረችው አስናቀች ወርቁ በ2004 ዓ.ም. ስታርፍ ድምፅዋ በሸክላና በካሴት ተቀርጾ ስለ ነበር ዛሬም እንሰማዋለን። በዚሁ በድሬዳዋ ያደገው አሊ ቢራ ገና በልጅነቱ፣ በ1950ዎቹ፣ አፍረን ቀሎ ከሚባለው የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን ጋር መዝፈን ጀመረ። ባቡር ከጅቡቲ ዕቃና ሰው በሚያመጣባት ከተማ ዑድ እየመታ አደገ፤ ኋላም በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ዘፈነ። ለብዙ ዓመት በውጭ አገር ከኖረ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ዐረፈ፤ የተቀበረውም በድሬዳዋ ነው።

እነዚህ ሁለቱ ዝነኞች ስለ ነበሩ ድምፃቸው አልጠፋም። ነገር ግን በየሠርጉ ሲዘፍኑ የኖሩት፣ አንድም ሸክላ ያላስቀረጹት አባቶችና እናቶችስ? የነሱን መንደር በዘፈን ውስጥ ሰምቶ የሚፈልግ ወጣት አይመጣም፤ የተቀረጸ የላቸውምና።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ አንድ ሽማግሌ ዘፋኝ እንጠይቅ። ዛሬ በእያንዳንዳችን ኪስ መቅረጫ አለ። በመጀመሪያ ፈቃዳቸውን እንለምን። ከዚያም ዘፈኑን ከማን እንደ ተማሩ፣ ለምን ጊዜ እንደሚዘፈን፣ የአሮጌው ቃል ትርጕም ምን እንደ ሆነ እንጻፍ። ባዶ እጃችንንም አንሂድ፤ ዘፈን ለባለቤቱ እንጀራው ነውና የድካሙን ዋጋ ማግኘት ይገባዋል። የአሜሪካዎቹ ወጣቶች ኸርትን ለማግኘት 35 ዓመት ዘግይተው፣ ያገኙት ለሦስት ዓመት ብቻ ነበር። የሐርላን ድንጋይ ነገም መቆፈር ይቻላል፤ እኛ የምንፈልጋቸው ሰዎች ግን ነገን አይጠብቁንም።