አንፊልድ ለዘፈን ሲከፈት

የእንግሊዝን እግር ኳስ የሚከታተል ሁሉ የሊቨርፑል ክለብ ሜዳ የሆነውን አንፊልድን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2008 ግን ሜዳው ለጊታርና ለድራም ተለቀቀ። ሊቨርፑል በዚያ ዓመት የአውሮፓ የባህል መዲና ነበረች፤ 66 ዓመት ሊሞላው ሳምንታት ብቻ የቀሩት ፖል ማካርትኒም ለተወለደባት ከተማ ሊዘፍን መጣ። ወደ 36 ሺህ ሰው ተሰበሰበ።

ሊቨርፑል የወደብ ከተማ ናት፤ መርከበኞቿ ከኒው ዮርክ ሲመለሱ የአሜሪካ ሸክላዎችን ይዘው ይገቡ ነበር። በዚያ ሙዚቃ የተማረከው ማካርትኒ ከጆን ሌነን ጋር የተዋወቀው በጁላይ 1957፣ ዉልተን በሚባለው ሰፈር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ዓመታዊ ዝግጅት ላይ ነው። የሁለቱ ባንድ ቢትልሶች ከዚያ በኋላ ካቨርን በተባለው ምድር ቤት ክለብ 300 ጊዜ ገደማ ተጫውተዋል። በዚያ ጠባብ ቤት መጨረሻ ላይ የቆመው ሰው እንኳ ከመድረኩ ብዙም አይርቅም ነበር።

ችግሩ የመጣው ሕዝቡ ሲበዛ ነው። ኦገስት 15 ቀን 1965 ኒው ዮርክ፣ ሺ ስታዲየም ውስጥ ከ55 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ጠበቃቸው። ቮክስ የተባለው ኩባንያ ባለ 100 ዋት አምፕሊፋየር ሠርቶላቸው ነበር፤ የዘፈናቸው ድምፅ ግን ለቤዝቦል ጨዋታ ማስታወቂያ በሚነገርበት የስታዲየሙ ድምፅ ማጉያ ተላለፈ። የልጃገረዶቹ ጩኸት ሁሉንም ዋጠው። ዘፋኞቹ ራሳቸውን አይሰሙም፤ ድራም መቺው ሪንጎ ስታር በእንዲህ ዓይነት ምሽቶች ዘፈኑ የት እንደደረሰ የሚያውቀው የጓደኞቹን እንቅስቃሴ ከኋላ እያየ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የመጨረሻ ኮንሰርታቸውን አቅርበው ወደ ስቱዲዮ ገቡ።

የስታዲየም ኮንሰርት ከርቀት ጋር የሚደረግ ትግል ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከመድረኩ 100 ሜትር የራቀ ተመልካች ድራሙ ሲመታ በትልቁ ስክሪን ወዲያው ያያል፤ የሚሰማው ግን የሰከንድ ሲሶ ያህል ዘግይቶ ነው። ቀጭኑን ድምፅ ደግሞ አየሩ መንገድ ላይ ያዳክመዋል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ሜዳው ውስጥ ማማ አቁመው ተጨማሪ ድምፅ ማጉያ ይሰቅላሉ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ከዚህ በኋላ ያለው ብልሃት ነው። ማማው እንደ መድረኩ ወዲያው ቢያሰማ፣ ከኋላ ያለው ሰው እያንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ይሰማዋል። ስለዚህ ወደ ማማው የሚሄደውን ድምፅ ሆን ብለው ያዘገዩታል፤ ማማው ከመድረኩ 68 ሜትር ቢርቅ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ያህል መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ጥቂት ሚሊሰከንድ ይጨምሩበታል። ጆሮ ድምፅ ከየት እንደመጣ የሚወስነው ቀድሞ በደረሰው ስለሆነ፣ ማማው አጠገብ የቆመው ሰው ዘፈኑ በቀጥታ ከመድረኩ የመጣ ይመስለዋል። አየር ሲቀዘቅዝ የድምፅ ፍጥነት ስለሚቀንስ ሲመሽ ልኩን እንደገና ያስተካክላሉ። ሙዚቀኞቹም ዛሬ ከፊታቸው ባለ ሞኒተር ወይም ጆሯቸው ውስጥ ባለ ማዳመጫ ራሳቸውን ይሰማሉ።

በአንፊልዱ ምሽት የፉ ፋይተርስ ባንዱ ዴቭ ግሮል ጊታርም ድራምም ይዞ ከማካርትኒ ጋር ተጫወተ። የሌነን ባለቤት የነበረችው ዮኮ ኦኖና የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን ባለቤት የነበረችው ኦሊቪያም ተገኝተው ነበር። ለእኔ የምሽቱ ትልቁ ነገር ግን «አ ዴይ ኢን ዘ ላይፍ» መዘፈኑ ነው። ቢትልሶች በ1967 በ40 የኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ታጅበው የቀረጹት ይህ ሥራ ከመድረክ ከወረዱ በኋላ የተሠራ በመሆኑ፣ አራቱ አንድ ላይ ሕዝብ ፊት ተጫውተውት አያውቁም። በ1965ቱ የማስታወቂያ ማጉያ ቢሞከር ኖሮ ከጩኸቱ በላይ የሚሰማ ነገር አይኖርም ነበር። ማካርትኒ ከ41 ዓመት በኋላ በአንፊልድ ተጫወተውና ከሌነን «ጊቭ ፒስ ኤ ቻንስ» ጋር አያያዘው፤ ሕዝቡም አብሮት ዘፈነ።